በአደራ ቤተሰብ የሚያድጉ ልጆች የአእምሮ ጤና፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የሰው ልጅ በአደራ ተቀብለው የሚያሳድጉ እናቶችና አባቶች፣ አያቶችና አክስቶች ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች እዚህ ተሰብስበዋል። መልሶቹ በዋናነት ኢትዮጵያ ውስጥ ላሉ አሳዳጊዎች የተጻፉ ናቸው፤ አሜሪካ ላሉትም አንድ ጥያቄ አለ።

የአደራ ቤተሰብ ከጉዲፈቻ በምን ይለያል?

በጉዲፈቻ ልጁ በፍርድ ቤት ውሳኔ የአሳዳጊው ልጅ ይሆናል። በአደራ ቤተሰብ ግን የወላጆቹ ልጅ እንደሆነ ይቀጥላል፤ እርስዎ የሚሰጡት ቤትና እንክብካቤ ለሳምንታት፣ ለወራት ወይም ለዓመታት ሊሆን ይችላል። ምደባውንና ክትትሉን የሚመራው የአካባቢው የሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ነው። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ጥር 2010 ዓ.ም. የውጭ ሀገር ጉዲፈቻን ካገደ ወዲህ ከወላጅ የተለዩ ልጆች የሚያድጉበትን ቤት እዚሁ አገር ውስጥ ማግኘት ግድ ሆኗል።

ለአእምሮ ጤና ልዩነቱ ቀላል አይደለም። በአደራ ያለ ልጅ ማታ ሲተኛ «እዚህ እስከ መቼ ነው የምቆየው?» የሚል ጥያቄ ይዞ ነው የሚተኛው። ብዙ ጊዜ በአፉ አይጠይቅም፤ በሽንቱ፣ በቁጣው፣ በሚደብቀው ዳቦ ይጠይቃል። ከዚህ በታች ያለው አብዛኛው መልስ ለዚያ ላልተጠየቀ ጥያቄ የሚሰጥ ነው።

ቤታችን ሰላም ነው፣ ምግብ አለ፣ እንወደዋለን። ለምን አይረጋጋም?

ሰውነቱ ገና ስላላመነ ነው። ረሃብ፣ ዱላ ወይም የሚወደው ሰው ድንገት መጥፋት የደረሰበት ልጅ አደጋን ቀድሞ ማሽተት ይማራል። የበር ድምፅ፣ ከፍ ያለ ንግግር፣ የአንድ ሰው ኮቴ ልቡን ያስመታዋል። እንዲህ መሆኑ በፊት የነበረበት ቦታ ጠቅሞታል። አዲስ ቤት ስለገባ ብቻ አይጠፋም፤ የሚጠፋው አንድ ዓይነት ነገር በአንድ ዓይነት መንገድ እጅግ ብዙ ጊዜ ሲደጋገምለት ነው።

አሳዳጊዎችን ግራ የሚያጋባ ሌላም ነገር አለ። ብዙ ልጆች የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ፍጹም ጨዋ ሆነው ያሳልፋሉ፤ አይጠይቁም፣ አያለቅሱም፣ የተሰጣቸውን ይበላሉ። ከዚያ ሲለምዱ ቁጣውና ለቅሶው ይመጣል። «ይሉኝታው አለቀ፣ ተበላሸ» ይባላል። አብዛኛውን ጊዜ ነገሩ ተቃራኒው ነው፤ ልጁ ስሜቱን ለማሳየት የሚያስችል ድፍረት ማግኘት ጀምሯል። ይልቅ ወራት አልፈው አንድም ቀን ያላለቀሰ፣ ሲወድቅም ማንንም የማይጠራ ልጅ ሊያሳስበን ይገባል።

ቤተሰብ የሚያመጣው ለውጥ በጥናት የታየ ነው። ቡካሬስት ውስጥ በሕፃናት ማሳደጊያ ይኖሩ የነበሩ 136 ሕፃናት በእጣ ለሁለት ተከፍለው ግማሾቹ ወደ አደራ ቤተሰብ እንዲሄዱ ተደርጎ ለዓመታት ክትትል ተደረገባቸው። ቤተሰብ የገቡት ከአሳዳጊ ጋር በመተሳሰር የተሻሉ ሆኑ፤ በተለይ ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው የገቡት። ይህ ማለት ግን በስምንት ወይም በአሥራ ሁለት ዓመቱ የመጣ ልጅ አይድንም ማለት አይደለም። ጊዜው ይረዝማል እንጂ ይሻላል።

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ምን እናድርግ?

ቤቱን ጸጥ ያድርጉት። ጎረቤት ጠርቶ ቡና አፍልቶ መቀበል ደግ ልማድ ነው፤ ለዚህ ልጅ ግን ሃያ የማያውቃቸው ፊቶች፣ ሃያ ጉንጭ የሚስሙ ሰዎች ማለት ነው። እንግዳውን ለኋላ ያቆዩት። ሲገባ የሚተኛበትን፣ ሽንት ቤቱን፣ ውሃና ምግብ የሚያገኝበትን ቦታ ያሳዩት። ሽንት ቤቱን ማታም ይዘውት ሄደው ያሳዩት፤ በቀን ያየው ቦታ በጨለማ ሌላ ቦታ ነው።

ለብሶት የመጣውን ልብስ አይጣሉ፤ ሁሉንም በአንዴ አይጠቡ። ያደፈ ሹራብ ላይ የእናቱ ሽታ፣ የቤቱ ጭስ ሊኖር ይችላል፤ ለትንሽ ልጅ ያ ሽታ ከፎቶግራፍ ይበልጣል። ቅማል ካለበት ሹራቡን በፌስታል አጥብቀው አስረው ሁለት ሳምንት ያስቀምጡት፤ ቅማሉ ሳይታጠብም ይሞታል። ፀጉሩን በመጀመሪያው ቀን አይላጩት። መላጨት ለአዋቂ ንጽሕና ነው፤ ለእሱ ግን በአንድ ቀን ቤቱንም መልኩንም ማጣት ነው። በጥቅጥቅ ማበጠሪያና በቅማል መድኃኒት ይሞክሩ፤ መላጨት የግድ ከሆነም ቀድመው ይንገሩት፣ መስታወት ይስጡት።

ስሙን አይለውጡ፤ «ይሄኛው ያምርብሃል» ተብሎ የተለወጠ ስም ብዙ ልጅ አቁስሏል። ቋንቋው ከእናንተ የተለየ ከሆነ ቢያንስ «ራበኝ»፣ «አመመኝ»፣ «ፈራሁ»፣ «ሽንቴ መጣ»፣ «እዚህ ነኝ» የሚሉትን በእሱ ቋንቋ ይማሩ።

ከዚያ ቀኑን አንድ ዓይነት ያድርጉት፤ የመነሻ፣ የምግብ፣ የመታጠቢያና የመኝታ ሰዓት አይቀያየር። ማንበብ ለማይችል ልጅ አራት አምስት ሥዕል በወረቀት ሥለው ግድግዳ ላይ ይለጥፉ፦ ፀሐይ፣ ሰሐን፣ ደብተር፣ ሰሐን፣ አልጋ። የቤት ሰው ሲወጣ ወዴት እንደሚሄድና መቼ እንደሚመለስ ይንገሩት፤ «ገበያ ሄጄ ምሳ ሳይደርስ እመጣለሁ» ብለው ምሳ ሳይደርስ ይምጡ። እንዳያለቅስ ብሎ ተደብቆ መውጣት ትልቅ ስሕተት ነው፤ ከዚያ በኋላ ዓይኑን ከበሩ አይነቅልም።

ስለዚያ ያልተጠየቀ ጥያቄም እርስዎ ቀድመው ይናገሩ፦ «እስከ መቼ እንደምትቆይ ገና አላወቅንም። የምናውቅ ቀን እንነግርሃለን። ዛሬም ነገም እዚህ ነህ።» የማታውቁትን «ለዘላለም የኛ ነህ» ብላችሁ አትማሉለት።

ምግብ ትራስ ሥር ይደብቃል፤ ሲበላም እስኪያስመልሰው ይበላል። ምን እናድርግ?

ሌብነት አይደለም። ነገ ምግብ ላይኖር እንደሚችል ያውቃል፤ ስለዚህ ይቆጥባል። ክዳን ያለው ትንሽ ዕቃ ስጡት፣ ቆሎ፣ ዳቦ ወይም ሙዝ ይኑርበት፤ የሱ ነው፣ አልጋው አጠገብ ይቀመጥ፣ ባለቀ ቁጥር እሱ ሳይጠይቅ ይሞላ። የሚበላሽ ነገር በማግስቱ አብራችሁ ትለውጡታላችሁ። ምግብና መክሰስ በየሦስት ሰዓቱ ገደማ ይምጣ፤ ቀጣዩ መቼ እንደሆነም ይነገረው። ቁም ሣጥንና ማቀዝቀዣ ላይ ቁልፍ አታድርጉ። ምግብ በመከልከል አትቅጡ፣ በምግብም አታባብሉ። ጾምም ቢሆን፣ ተርቦ ያደገ ልጅ ከቤተሰቡ ጋር ልጹም ቢል እንኳ ይቆየው።

በመጀመሪያ ድብቁ ይጨምራል፤ ዕቃው እውነት መሞላቱን እየፈተነ ነው። ብዙ አሳዳጊ ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ላይ ነው። አትቁረጡ፤ አንድ ቀን ዕቃውን ሳይነካው ያድራል።

ዕድሜው ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት የሆነ ልጅ የላይኛው ክንዱ ዙሪያ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ፣ ወይም ሁለቱ እግሮቹ ካበጡ፣ ነገሩ ከባድ የምግብ እጥረት ነው። ቤት ውስጥ ምግብ ከማብዛት በፊት ወደ ጤና ጣቢያ ይውሰዱት።

የሰባት ዓመት ልጅ ናት፣ አልጋ ላይ ትሸናለች።

ከአምስት ዓመት በታች በሽታ አይባልም፤ ከዚያ በላይም በጭንቀት ጊዜ እጅግ የተለመደ ነው። ተኝታ ስለሆነ አታውቀውም፣ ስለዚህ ቅጣት አያስተምራትም። ፍራሹ ላይ ላስቲክ፣ ላስቲኩ ላይ አንሶላ፣ እንደገና ላስቲክና አንሶላ ያንጥፉ፤ ሌሊት የላይኛውን ማንሳት ብቻ ይበቃል። ውሃ ቀን በደንብ ትጠጣ፣ ከመኝታ በፊት ባሉት ሁለት ሰዓታት ይቀነስ። ስትተኛ ሽንቷን ትሽና፣ መብራት ከመጥፋቱ በፊት ደግሞ ይደገም። ሽንት ቤቱ ውጭ ከሆነ ፖፖ አልጋዋ አጠገብ ያድርጉ፤ ብዙ ልጅ የሚሸናው ጨለማውን ፈርቶ ነው። አንሶላውን ደጅ አስጥቶ ጎረቤት እንዲያይ ማድረግ፣ የሌሎች ልጆች መሳቂያ ማድረግ ነገሩን በወራት ያራዝመዋል።

የሆድ ድርቀት፣ ሲሸና ማቃጠል፣ ትኩሳት ካለ ጤና ጣቢያ ትመርመር። ብዙ ውሃ ጥም ከክብደት መቀነስ ጋር ከመጣ ስኳር ሊሆን ይችላልና በዚያው ቀን ትታይ።

ሌሊት እየጮኸ ይነሳል። የት ይተኛ?

ቅዠትና የሌሊት ሽብር ይለያያሉ። ቅዠት ብዙ ጊዜ ወደ ንጋት ይመጣል፤ ልጁ ይነቃል፣ ያየውን ያስታውሳል፣ ማቀፍ ይረዳዋል። የሌሊት ሽብር ግን በተኛ ከአንድ እስከ ሦስት ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ነው፤ ዓይኑ ተከፍቶ ይጮኻል፣ ላብ ያጠምቀዋል፣ እርስዎን ግን አያይዎትም። አይወዝውዙት፣ በግድ አይቀስቅሱት፤ እንዳይወድቅ ብቻ አጠገቡ ይሁኑ። በደቂቃዎች ውስጥ ያልፋል፣ ጠዋትም አያስታውሰውም። ሰውነቱ የሚንቀጠቀጥ፣ ምላሱን የሚነክስ ወይም ከዚያ በኋላ የሚፈዝ ከሆነ የሚጥል በሽታ ሊሆን ይችላልና ለሐኪም ይነገር፤ ሌላ ሰው በስልክ ቪዲዮ ቢቀርጸው ሐኪሙን በጣም ይረዳዋል።

በእኛ አገር ብዙ ልጅ ብቻውን ተኝቶ አያውቅም፤ «የራስህ ክፍል» ብሎ በር መዝጋት ለሱ ስጦታ ላይሆን ይችላል። የራሱን ፍራሽ ሰው ባለበት ክፍል ያንጥፉለት፣ ትንሽ መብራት ይተዉለት። ከአዋቂ ወይም ከትልልቅ ልጆች ጋር ግን አንድ አልጋ ላይ አያስተኙት፤ ይህ ለእሱም ለእነሱም ጥበቃ ነው። ከ6 እስከ 12 ዓመት ያለ ልጅ በቀን ከ9 እስከ 12 ሰዓት እንቅልፍ ያስፈልገዋል። ከመኝታ በፊት ዜና፣ የጦርነት ወሬና ስልክ ይቅሩ።

በትንሽ ነገር እየተቆጣ ዕቃ ይሰብራል። እንዴት እንቅጣው?

ቁጣው ላይ እያለ ምንም አይማርም፤ የሚሰማው ጆሮ በዚያ ሰዓት የለውም። ከቤቱ ሰው አንድ ብቻ ይቅረበው፣ ሌሎች ልጆች ይውጡ። ከፍ ብለው ከላዩ አይቁሙ፤ ዝቅ ይበሉ፣ ከጎኑ ይሁኑ፣ የሚሰበርና የሚቆርጥ ነገር ያርቁ። ድምፅዎን ዝቅ አድርገው ትንሽ ቃል ብቻ ይናገሩ፦ «እዚህ ነኝ። አልመታህም። ማንንም እንድትመታ አልፈቅድልህም።» ከዚያ ዝም ይበሉ። ለመረጋጋት ግማሽ ሰዓት ሊወስድ ይችላል። ውሃ ይጠጣ፣ ፊቱን ይታጠብ። ስለተሰበረው ነገር ማውራት የሚቻለው ከዚያ በኋላ ነው፤ ስብርባሪውን አብራችሁ ትጠርጋላችሁ፣ የመታውን ልጅ በራሱ መንገድ ይክሰዋል። ያ ነው ቅጣቱ፤ ከቀን በላይ አይዝለቅ።

በርበሬ ማጠን፣ መቆንጠጥ፣ ማንበርከክ፣ መግረፍ፣ ማስራብ ፈጽሞ አይደረግም። በሌላ ልጅ ላይም ጉዳት ነው፤ በዚህ ልጅ ላይ ግን ያለፈውን እንደገና ማኖር ነው። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36ም ሕፃናት በትምህርት ቤትና በማሳደጊያ ተቋማት ከአካል ቅጣትና ከጭካኔ አያያዝ ነጻ የመሆን መብት እንዳላቸው ይደነግጋል።

ከዱላም በላይ የሚጎዳ አንድ አባባል አለ፦ «ወደመጣህበት እመልስሃለሁ።» በንዴት የወጣች አንዲት ዓረፍተ ነገር የብዙ ወራት ሥራ ታፈርሳለች፤ ልጁ ሲፈራው የነበረውን በራስዎ አንደበት አረጋገጡለት ማለት ነው። ካመለጠዎት በዚያው ቀን ይመልሱት፦ «ተናድጄ ነው እንዲያ ያልኩህ፤ ልክ አልነበርኩም። ስትሳሳትም እዚህ ነህ።» «አብልቼ፣ አልብሼ» እያሉ ውለታ መቁጠርም ከዚሁ ቤተሰብ ነው።

ያገኘውን ሰው ሁሉ ያቅፋል፣ «እማዬ» ይላል። ጥሩ አይደለም እንዴ?

ሰው ወዳድ ይመስላል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን አንድ የኔ የሚለው ሰው ያጣ ልጅ የሚያደርገው ነው፣ ለክፉ ሰውም ያጋልጠዋል። ለጥቂት ወራት ማጉረስ፣ ማጠብ፣ ሲያለቅስ ማባበል በአንድ ወይም በሁለት ሰው እጅ ብቻ ይሁን። እንግዳ ሲመጣ ሰላምታው በእጅ ይሁን፣ እቅፍና መሳም ለቤት ሰው ይቆይ፤ ዘመድ ቅር ቢለው ታግሠው ያስረዱት። የማይጠጋ ልጅ ደግሞ በግድ አይታቀፍም። አጠገቡ ቁጭ ብሎ ሽንኩርት መላጥ፣ ፀጉር መሥራት፣ ምስር መልቀም ከፊት ለፊት ንግግር ይሻላል።

እርስዎን ምን ብሎ እንደሚጠራዎት ምርጫው የእሱ ነው። «እቴቴ»፣ «አክስቴ»፣ «ጋሼ» ይበቃል፤ «እማዬ በለኝ» ማለት እናቱን ካድ እንደማለት ሊሆንበት ይችላል።

እናቱ ሞታለች፣ እሱ ግን አያውቅም። መቼና እንዴት ይነገረው?

ቶሎ፣ በእውነት፣ በሚያምነው ሰው አፍ። «ሩቅ ሄዳለች፣ ትመጣለች» ተብሎ የተታለለ ልጅ ይጠብቃል፤ ሳትመጣ ስትቀር «ጠልታኝ ነው» ብሎ ይደመድማል። አንድ ቀን ከሰፈር ልጅ ሲሰማ ደግሞ እናቱንም እርስዎንም በአንድ ቀን ያጣል።

የአዋቂ መርዶ ንጋት ላይ፣ ሰው ተሰብስቦ፣ በጩኸት ይነገራል። ለልጅ እንዲህ አይሁን። ትምህርት የሌለበት ቀን፣ ጠዋት፣ ከበላ በኋላ፣ በሚያውቀው ቤት ውስጥ፣ አንድ ወይም ሁለት ሰው ባለበት ይነገረው። ማታ አይንገሩት፤ ሌሊቱን ብቻውን ይጋፈጠዋል። ቃሉ «ሞተች» ይሁን። «ተኛች» የተባለ ልጅ መተኛት ይፈራል፤ «እግዚአብሔር ወሰዳት» የተባለ በእግዚአብሔር ይቆጣል ወይም ቀጥሎ እኔን ይላል። እንዲህ ማለት ይበቃል፦ «ከባድ ነገር ልነግርህ ነው። እናትህ በጣም ታማ ነበር፤ ሐኪሞች ሊያድኗት አልቻሉም፣ ሞተች። ሰውነቷ ከእንግዲህ አይተነፍስም፣ አያመውም። ያንተ ጥፋት አይደለም። እኔ እዚህ አብሬህ ነኝ።» ከዚያ ዝም ብለው ይቀመጡ። ሊያለቅስ ይችላል፤ ወጥቶ ኳስ ሊጫወትም ይችላል። መጫወቱ አልገባውም ወይም አልወደዳትም ማለት አይደለም፤ ልጅ ሐዘንን በጥቂት በጥቂት ነው የሚቀበለው።

ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሞት የማይመለስ መሆኑ አይገባቸውም፤ «መቼ ነው የምትመጣው?» ብለው ሃያ ጊዜ ይጠይቃሉ፤ ሃያ ጊዜ በዚያው ቃል ይመለስላቸው። ተዝካር ወይም ሰደቃ ካለ፣ መቃብር የሚኬድ ከሆነ ምን እንደሚያይ ተነግሮት ይሂድ፣ አልሄድም ካለም አይገደድ።

እናቱ አረብ ሀገር ሄዳ ድምፅዋ ለጠፋ ልጅ ሐዘኑ የተለየ ነው፤ አልሞተች፣ አልመጣች። የሚታወቀውን ያህል ይንገሩት፦ «ለሥራ ሄዳለች። ስልኳ አይሠራም። እየጠየቅን ነው።» የምትደውል ከሆነ ቋሚ ቀን ይያዝ፤ እሷም «ለበዓል እመጣለሁ» ብላ ቃል እንዳትገባ ቀስ አድርገው ይንገሯት።

ሃምሳ ሉክ ደብተር ገዝተው የሕይወት ደብተሩን አብራችሁ ጀምሩ፤ የተወለደበት አገር፣ የወንዙ ስም፣ የአያቱ ስም፣ ፎቶ ካለ ፎቶ፣ ከሌለ እሱ የሣለው። ከመጣበት ቤት ወይም ማሳደጊያ ሰው እያስታወሰ የሚነግራችሁን ሁሉ ጻፉበት፤ ዛሬ ያልተጻፈ ነገር ከዓመታት በኋላ ማን ያስታውሰዋል?

ከወላጁ ጋር በተገናኘ ቁጥር ሁለት ሦስት ቀን ይበጠብጣል። ጉብኝቱ ይቁም?

መረበሹ ብቻ ማቆሚያ ምክንያት አይሆንም፤ እንደገና መለየቱ ነው ያመመው። የጉብኝቱን ቀን ቀለል ያድርጉት፤ ፈተና፣ ገበያ፣ እንግዳ አይኑር፤ ሲመለስ የሚወደው ምግብ ይጠብቀው፤ «እንዴት ነበር?» ብለው አይመርምሩት። ስለወላጁ ክፉ አይናገሩ፣ በቡና ላይም ቢሆን፤ ልጅ ግማሹ የተሰደበ ያህል ይሰማዋል። ከጉብኝቱ በፊት በፍርሃት የሚንቀጠቀጥ፣ የሚያስመልሰው ወይም ተመታሁ፣ ተነካሁ የሚል ከሆነ ግን ሌላ ነገር ነው። ያለውን በራሱ ቃል ጽፈው፣ ደጋግመው ሳይጠይቁት፣ ለመደበዎ ጽሕፈት ቤት በዚያው ቀን ያሳውቁ።

ለትምህርት ቤትና ለጎረቤት ምን ያህል እንንገር?

ለጎረቤት፦ «ከእኛ ጋር ነው የሚኖረው።» በቃ። ታሪኩ የእሱ ንብረት ነው። ለክፍል ኃላፊው የሚያስፈልገው ብቻ ይነገር፦ ጩኸት ያስደነግጠዋል፣ በሩን ማየት የሚችልበት ቦታ ይቀመጥ፣ ሲረበሽ ወጥቶ ውሃ ይጠጣ፣ «ስለ አባትህና እናትህ ጻፍ» የሚል ሥራ ሲኖር ቀድመው ይንገሩን። ዩኒፎርምና ደብተር ከሌሎቹ እኩል ቀን ይሟላለት።

ፀበል ብንወስደውስ?

ልጁ የዚያ እምነት ከሆነና ከፈለገ፣ ጸሎትና ፀበል ሊያጽናናው ይችላል። መስመሩ ይህ ነው፦ አይታሰር፣ አይመታ፣ አይራብ፣ በጭስ አይታጠን፣ መድኃኒቱ አይቋረጥ። የሚጥል በሽታ መድኃኒት ድንገት ከተቋረጠ ሕይወት የሚያጠፋ ተከታታይ መንቀጥቀጥ ሊያመጣ ይችላል። «ጋኔን አለብህ» ወይም «ቡዳ በልቶህ ነው» ብሎ ለልጅ መንገር ግን የደረሰበትን በደል የእሱ ክፋት ያስመስለዋል፤ ይህን በየትኛውም የእምነት ቦታ አትፍቀዱ።

መቼ ነው ወደ ባለሙያ መውሰድ ያለብን? የት?

ከሁለት ሳምንት በላይ የማይጫወት፣ የማይበላ ወይም የማይተኛ ከሆነ፤ ይችለው የነበረውን ንግግር ወይም ሽንት መቆጣጠር ካጣና ካልተመለሰለት፤ ራሱን የሚቆርጥ፣ የሚነክስ፣ ግድግዳ የሚመታ ከሆነ፤ ሌሎች ልጆችን በግድ በወሲብ የሚነካ ከሆነ፤ የሌለ ድምፅ የሚሰማ ከሆነ፤ ጎዳና ላይ ቆይቶ ማስቲሽ ማሽተት ያልተወ ከሆነ አይጠብቁ።

መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ይሂዱ፣ አካሉም ይታይ። «ሰነፍ» የተባለ ልጅ ጆሮው መግል ይዞ አይሰማ ይሆናል፤ «አይቀመጥም» የተባለው ሌሊት በሆድ ትል ሲያሳክከው ያድራል፤ «ፈዛዛ» የተባለው ለጥቂት ሰኮንዶች የሚያፈዝ የሚጥል በሽታ ይኖርበት ይሆናል። ደም ማነስና የዓይን ችግርም ይታይ። ከዚያ የሳይካትሪ ነርስ ወይም ሐኪም ወዳለበት ሆስፒታል ሪፈር ይጻፍልዎታል፤ አዲስ አበባ ላይ አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል አለ።

የምደባ ደብዳቤውን፣ የክትባት ካርዱንና ቢያንስ የአንድ ሳምንት ማስታወሻ ይዘው ይሂዱ፦ ምን ተፈጠረ፣ ከዚያ በፊት ምን ነበር፣ ስንት ደቂቃ ቆየ፣ በምን ተረጋጋ። «ያስቸግራል» ከሚል አንድ ቃል ይልቅ እንዲህ ያለ ገጽ ለሐኪሙ ብዙ ይናገራል።

በከባድ በደል ለተጎዱ ልጆች በደንብ የተፈተነው የንግግር ሕክምና ብዙ ጊዜ ከ12 እስከ 16 ቀጠሮ ይወስዳል፤ አሳዳጊውም ይሳተፍበታል። ልጁን አንድ ቀን አስቀምጦ «የደረሰብህን ሁሉ ንገረኝ» ማለት ግን ሕክምና አይደለም፤ ሊጎዳውም ይችላል።

ኤች አይ ቪ በደሙ ውስጥ ያለ ልጅ ከ6 እስከ 12 ዓመት ባለው ጊዜ እንደ አእምሮው ብስለት ደረጃ በደረጃ እንዲነገረው የዓለም ጤና ድርጅት ይመክራል። የሚከታተለው ክሊኒክ ያግዛችኋል፤ ሰው ሰምቶ ሳይነግረው ቅደሙ።

መድኃኒት ይጀመርለት ተባለ። እንቀበል?

ለምን እንደታዘዘ፣ መቼ መሥራት እንደሚጀምር፣ ምን ጉዳት ሊያመጣ እንደሚችልና መቼ እንደሚቆም አራቱን ጠይቀው ይጻፉ። ፈቃዱን ማን እንደሚፈርም መዳቢውን ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ ይጠይቁ። የድብርት መድኃኒት ለመሥራት ሳምንታት ይወስዳል፣ በራስ ፈቃድም ድንገት አይቆምም። ለሚጥል በሽታ የሚሰጠው ፌኖባርቢታል አንዳንድ ልጆችን ቁጡና ዕረፍት የለሽ ያደርጋል፤ ያንን ካዩ መድኃኒቱን ሳያቋርጡ ለሐኪሙ ይንገሩ። ማስተኛ ከፋርማሲ ገዝተው አይስጡ።

«ብሞት ይሻለኝ ነበር» አለች። የልጅ ንግግር ነው?

በቁም ነገር ይውሰዱት። በቀጥታ ይጠይቋት፦ «ራስሽን ለማጥፋት አስበሻል? እንዴት እንደምታደርጊው አስበሻል?» መጠየቅ ሐሳቡን አያስገባባትም፤ ብዙ ጊዜ ያቀልላታል። ብቻዋን አይተዉአት። የተባይና የአይጥ መርዝ፣ በረኪና፣ መድኃኒት ሁሉ ከቤት ይውጣ ወይም ይቆለፍ። በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል ይሂዱ፤ የሆነ ነገር ከዋጠች ሳይዘገዩ የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጥሩ።

የራሳችን ልጆች ቅር ብሏቸዋል፤ እኛም ደክሞናል።

ለእያንዳንዱ ልጅ በቀን ሩብ ሰዓት ብቻውን ከእርስዎ ጋር ይኑረው፤ የወለዷቸው ልጆችም የማያውቁትን ሐዘን በቤታቸው ተሸክመዋል። ሥራው ግን እኩል ይሁን፤ አንድ ዓይነት ሰሐን፣ አንድ ዓይነት ትምህርት ቤት፣ አንድ ዓይነት የቤት ሥራ። በአደራ የመጣች ልጅ ቀስ በቀስ ውሃ ቀጂና ልጅ አዛይ የምትሆንበት ቤት አለ፤ ያ አደራ መብላት ነው።

ለራስዎ በሳምንት ግማሽ ቀን ልጁ የሚያውቀው ሰው ይተካዎት። እንቅልፍ ካጡ፣ ልጁን ማየት ካስጠላዎት፣ እጅዎ ለመምታት ከተነሳ ለተመደበልዎ ማኅበራዊ ሠራተኛ ይናገሩ። ቶሎ መናገር የልጁን ምደባ ያድናል፤ ዝም ተብሎ የቆየው ነው ድንገት የሚፈርሰው።

አሜሪካ ውስጥ ልጅ በአደራ ለሚያሳድጉ ኢትዮጵያውያን የተለየ ነገር አለ?

የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ ልጁ ቤት በገባ በ72 ሰዓት ውስጥ የመጀመሪያ ምርመራ፣ በ30 ቀን ውስጥ ደግሞ የአእምሮ ጤናን የሚያካትት ሙሉ ምርመራ እንዲደረግለት ይመክራል፤ ኬዝ ወርከሩን ቀጠሮው መቼ እንደሆነ ይጠይቁ። ለአእምሮ መድኃኒት ብዙ ጊዜ የእርስዎ ፊርማ አይበቃም፤ እንደ ስቴቱ የፍርድ ቤት ወይም የኤጀንሲው ፈቃድ ያስፈልጋል። አስተርጓሚ ይጠይቁ፣ ልጁን አያስተርጉሙት። አስቸኳይ የራስን ማጥፋት ስጋት ሲኖር 988 ይደወላል። በ18 ዓመቱ በአደራ ሥር የነበረና ሜዲኬይድ (የመንግሥት የጤና መድን) የነበረው ወጣት ሽፋኑን እስከ 26 ዓመቱ ይዞ መቆየት ይችላል፤ ብዙ ወጣት ይህን ሳያውቅ ሕክምናውን ያቋርጣል።

ወደ ቤተሰቡ ሊመለስ ነው። እንዴት እንለየው?

እንደ ዕድሜው ከሳምንታት በፊት ይነገረው፤ ትንንሽ ልጆች ቀኑን በጣት እንዲቆጥሩ ሲቃረብ፣ ትልልቆቹ ገና ሲወሰን። መጀመሪያ ለሰዓታት፣ ከዚያ ለአንድ አዳር፣ ከዚያ ለሁለት ሦስት ቀን እዚያ ይቆይና ይመለስ። ለሚቀበሉት ሰዎች በአንድ ገጽ ይጻፉላቸው፦ ምን ይበላል፣ በምን ይፈራል፣ ሲያለቅስ ምን ያረጋጋዋል፣ ምን መድኃኒት በስንት ሰዓት ይወስዳል።

ዕቃውን በፌስታል አይስጡት፤ ትንሽም ብትሆን ዚፕ ያላት ቦርሳ ይግዙለት። ልብሱ፣ የሕይወት ደብተሩ፣ የቤታችሁ ሰው ሁሉ ያለበት ፎቶ፣ የስልክ ቁጥራችሁ በወረቀት፣ ሲተኛበት የነበረው ብርድ ልብስ አብሮት ይሂድ። ብርድ ልብሱን አይጠቡት።